ዓርብን የበላው ሚኒስትር

ባሌ ኡሱፎኖ ዕድሜውን የጨረሰው አውሬውን ሲፈልግ ነው። እኔ ፉአቲኖ ደግሞ እሱን ስፈልግ። ምሳ ቀርቦ ሲጠፋ፣ ዝናብ መጥቶ የተሰጣው ኮኮናት ሲበሰብስ፣ እንግዳ ገብቶ የሚያናግረው ሲታጣ፣ የማገኘው ከማድቤቱ ጀርባ ነው። ከጋዜጣ የቆረጣቸውን የዓለም መሪዎች በዳቦ ፍሬ ዛፍ ሙጫ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ በአንድ ያፈጥጥባቸዋል። በዘመን መጨረሻ ይነሣል የተባለው አውሬ ከነሱ አንዱ መሆኑን አልተጠራጠረም። የቸገረው የትኛው እንደሆነ መለየቱ ነበር።

በየጊዜው አንዱን ይመርጣል፤ ለመንደሩም ያውጃል። ሰውየው ግን አንዴ በምርጫ ይሸነፋል፣ አንዴ በጉንፋን ይሞታል፣ አንዱ እንዲያውም ሥልጣን ለቆ ንብ ማነብ ጀመረ።

«አውሬው ጡረታ ይወጣል እንዴ?» እለዋለሁ።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፤ እያዘናጋን ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኡሱፎኖ ሞኝ አይደለም እንጂ፣ ሙጫው ነው መሰለኝ የያዘውን አላስለቅቅ ያለው። እዚህ ሳሞአ፣ በመንደራችን በፋጋሉ እንግዳ ሲመጣ ጭራውንና ዘንጉን ይዞ ተነሥቶ የሚናገረው እሱ ነው። ሲናገር ዝንብ እንኳ ተቀምጣ ትሰማዋለች። ታዲያ እንዲህ ያለ አፍ የተሰጠው ሰው ቀኑን ሙሉ ከፎቶ ጋር ሲከራከር ማየት ያናድዳል።

እኔ እንኳ ለምጄው ነበር፤ ሩቅ አገር ያለ አውሬ ማንንም አይነክስም። ነገሩ የተበላሸው አውሬው ሰፈራችን የገባ ዕለት ነው።

መጀመሪያ መንግሥት ሕግ ለወጠና በቀኝ ሲነዳ የኖረውን መኪና ሁሉ በግራ ንዱ አለ። ኡሱፎኖ ጆሮውን ቀሰረ። ቆይቶ ደግሞ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ቀናችን ካልገጠመ ንግዱ አይሳካም ተባለና፣ ሐሙስ ማታ ተኝተን ቅዳሜ ጠዋት እንድንነሣ ታዘዝን። ዓርብ የሚባል ነገር በዚያ ሳምንት በሳሞአ ምድር አልነበረም። ሁለቱንም ትእዛዝ በሬዲዮ ያነበበልን ሚኒስትር ማሴሉ ነው፤ ከኛ መንደር ወዲያ ማዶ የተወለደ፣ ልጅ ሆኖ ማንጎ ሲሰርቅ የምናውቀው ማሴሉ።

«ሕግንና ዘመንን የሚለውጥ ይነሣል ብሏል ነቢዩ» አለ ኡሱፎኖ፤ ድምፁ በደስታ ይሁን በፍርሃት እየተንቀጠቀጠ። «ሕግን ለወጠ፤ መኪናውን አየሽ። ዘመንን ለወጠ፤ ዓርብን በላ። እኔ ባሕር ማዶ ስፈልገው እሱ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ማንጎ ይበላል!»

ብስቅ ደስ ባለኝ። ያልሳቅኩት የተወሰደችው ዓርብ የትኛዋ እንደሆነች ስለማውቅ ነው። ዲሴምበር ሠላሳ ነበረች። ልጃችን ላጊ የሞተችው ዲሴምበር ሠላሳ ነው፤ የወተት ጥርሷን ገና ሳትጨርስ፣ በትኩሳት። መቃብሯ እንደ አገራችን ልማድ ቤታችን ደጃፍ ላይ ነው። በር ስንወጣ እናየዋለን፤ ልብስ ስናሰጣ ጥላው ላይ ቁጭ እንላለን። በየዓመቱ በዚያች ቀን ኖራ እንቀባዋለን፣ ዙሪያውን ጥቁር ጠጠር እናለብሰዋለን፣ የምትወደውን ጎደሬ በኮኮናት ወተት ሠርተን አጠገቧ እንበላለን። ሌላ ጊዜ ስለ እሷ አናወራም። ሁለታችንም ለዚያች ቀን ነበር የምናስቀምጠው።

በዚያ ዓመት ታዲያ ሐሙስ አልፎ ነጋ። ኡሱፎኖ የኖራውን ባልዲ ይዞ ወጣ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሠላሳ አንድ ነው» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ለመንግሥት ቅዳሜ ነው። ለላጊ ዓርብ ነው።»

«ተው እንጂ ሰውዬ፤ አገር ሁሉ…»

«አገር ሁሉ ይሂድ። እኔ የልጄን ቀን ተራምጄ አልሄድም።»

እውነትም አልሄደም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባሌ ከአገሩ ሁሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀረ። እኛ እሁድ ነጭ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እሱ ቅዳሜ ነው ብሎ መረቡን ተሸክሞ ወደ ባሕር ይወርዳል። ሰኞ ሰዉ ሁሉ ወደ እርሻው ሲሄድ እሱ ነጭ ሽርጡን አገልድሞ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ከተቆለፈው ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ቆሞ መዝሙር ይዘምራል። ውሾች ብቻ ይሰበሰቡለታል። እኔ ዛሬ እኖራለሁ፣ ባሌ ትናንት ይኖራል፤ ማታ አንድ ምንጣፍ ላይ እንገናኛለን። በመንደራችን እሁድ ዓሣ ማጥመድ ነውር ነውና፣ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ አሳማ ቀጣን፤ ደግሞም ቀጣን፤ በመጨረሻ ጉረኗችን ውስጥ ጭቃ ብቻ ቀረ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። መከራውም በመኪና መጣ።

ሚኒስትር ማሴሉ አዲሱን የውኃ ታንከር ሊመርቅ ፋጋሉ ገባ። አሳማ ተጠበሰ፣ አቫ የሚባለው የሥር መጠጥ ተበጠበጠ፣ የሸንጎው አለቃ ማታኡላ ሆዱን ታቅፎ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠ። ኡሱፎኖን አስቀድሜ አስምዬው ነበር።

«ሰላምታውን ብቻ ትናገርና ትቀመጣለህ፤ እሺ?»

«የሚገባውን ሰላምታ እሰጠዋለሁ» አለኝ። ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ጭራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሣ። የመንደሩን ክብር ጠራ፣ የተራራውን ክብር ጠራ፣ የባሕሩን ጠራ። ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ከዚያ ወደ ማሴሉ ዞረና፣ «አንተ ትንሹ ቀንድ!» አለው። «ዘመንን የለወጥክ! እንኳን ደህና መጣህ። ነቢዩ ትመጣለህ ብሎ ነበር፤ እኛም ጠብቀንሃል። አሁን ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተናገር፤ ዓርብን የት አደረግካት?»

የአቫው ጽዋ ማሴሉ አፍ ሳይደርስ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ሳቀችና ስትደነግጥ ሳቋን ዋጠች። ሚኒስትሩ መልኩ አመድ መሰለ፣ ተነሣ፣ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሄደ። አሳማው እንደተጋደመ ቀረ። እኛ ዘንድ እንግዳ የቀረበለትን ሳይቀምስ ከሄደ መንደሩ ቢቃጠል ይሻለዋል።

ሸንጎው በማግስቱ ተቀመጠ። ሴት አትገባም፤ ግን ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ ደጅ ተቀምጬ ቅርጫት እየሠራሁ ሁሉንም ሰማሁ።

«ኡሱፎኖ፣» አለ ማታኡላ፣ ሲናገር እንደ ጎማ ቀስ እያለ የሚተነፍስ ሰው ነው፣ «ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ማሴሉ ደጅ ትሄዳለህ። የክብር ምንጣፍ ተከናንበህ ትንበረከካለህ። እሱ ምንጣፉን ካነሣልህ ታርቀናል። እምቢ ካልክ ቤትህ ይፈርሳል፤ አንተም ሚስትህም ከፋጋሉ ትወጣላችሁ።»

«የትኛው ቅዳሜ?» አለ ኡሱፎኖ።

«የኛ ቅዳሜ! የሰው ቅዳሜ!» ብሎ ጮኸ ማታኡላ፤ በሕይወቱ ሲቸኩል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔ ቅርጫቱን ጣልኩት። «መቃብሩስ?» አልኩ ከደጅ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ማታኡላ ዓይኑን ሰበረ። «መቃብር መሬቱ ላይ ይቀራል፣ ልጄ። ከወጣችሁ በኋላ ልትጎበኙት ብትፈልጉ ሸንጎውን ታስፈቅዳላችሁ።»

የገዛ ልጄን ለማየት ማታኡላን ላስፈቅድ! እዚያው ደጅ ላይ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ኡሱፎኖ ግን ቤት ስንገባም ፊቱ እንደ ድንጋይ ነበር።

«ለአውሬው የተንበረከከ ምልክቱን ይቀበላል። አልችልም፣ ፉአቲኖ። ላጊን በሰማይ እንዳላገኛት ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ በምድርም እንዳላጣት እፈልጋለሁ!» ብዬ ድስቱን መሬት ላይ አጋጨሁት። «አንተ ወዲያኛውን ዓለም ስታሳድድ ይቺኑ ያለችንን ልትበትናት ነው!»

ኡሱፎኖ ድስቱን አነሣና ተሰንጥቆ እንደሆነ አየ። አልተሰነጠቀም። እኔ ስናደድ ይሻለኛል፤ ሐሳብ የሚመጣልኝ ያኔ ነው።

«እንግዲያው ለሱ አትስገድ» አልኩት። «ለኔ ስገድ።»

«ምን?»

«የእናቴ ምንጣፍ ሁለት ሰው ይሸፍናል። እኔ ከሱ ቤት ራቅ ብዬ እንበረከካለሁ። አንተ ጀርባህን ለቤቱ ሰጥተህ ፊትህን ወደ እኔ ታደርጋለህ። ግንባርህ ለኔ፣ መቀመጫህ ለማሴሉ። ከላይ ሲያዩት ጉብታ ነው፤ ማን ያውቃል?»

ጢሙ ሥር ፈገግ ሲል አየሁት። «ነቢዩ ይህን አልከለከለም» አለ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ማሴሉ ደጅ ተንበርክከን ተገኘን። ከላያችን የእናቴ ምንጣፍ፣ ከሥራችን ጠጠር። ምንጣፉ ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነው ከሣጥን የሚወጣው፤ ውስጡ ዕቃ ቤት ዕቃ ቤት ይሸታል። ዶሮ ጮኸ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ማንም አልመጣም። የበደልከው ሰው ምንጣፉን ቶሎ አያነሣልህም፤ እስኪበርድለት ትጠብቃለህ፣ ሕጉ ነው። የቤቱ ሴቶች ግቢውን ሲጠርጉ እኛ ጋ ሲደርሱ እንደ ጉቶ ዞረውን ያልፋሉ።

«ጉልበቴ» አለ ኡሱፎኖ።

«ዝም በል፤ እየሰገድክልኝ ነው።»

«በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ቀርበሽ አላየሁሽም። ግንባርሽ ላይ ጠባሳ አለ።»

«አንተ መረብ ስትጥል ያገኘኝ ነው፣ ጅሉ። ሙሽራ ሳለሁ።»

በምንጣፉ ጠርዝ ሥር ባዶ እግር መጥቶ ቆመ። ትልቅ ጣቱ ይርገበገባል። አሁን ያነሣልናል ብዬ ጠበቅኩ። ባለ እግሩ ግን ተንበረከከ፤ ጠርዙ ትንሽ ከፍ አለና አንድ ራስ ብቅ አለ፤ ምላጭ በየቦታው የጫረው፣ ሙልጭ ያለ መላጣ ራስ።

«ኡሱፎኖ» አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ደነገጠ። «ይሄ… ይሄ ምንድን ነው?»

«መቀመጫው ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። «ፊቱ በዚህ በኩል ነው። ዞረው ይምጡ።»

ሚኒስትር ማሴሉ በጉልበቱ እየዳኸ ዞረና ሙሉ በሙሉ ምንጣፉ ሥር ገባ። ሦስታችን ግንባር ለግንባር ሆንን። ዓይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትንፋሽ እንዴት እንደሚሸት አውቃለሁ፤ ላጊ የታመመች ሰሞን እኛም እንዲያ እንሸት ነበር።

«እውነቱን ንገረኝ» አለ። «እኔ ነኝ?»

«ምኑ?»

«አውሬው ነዋ! አንተ ያንን ከተናገርክ ወዲህ ቤቴ ቤት አልሆነም። እናቴ ቁጥሩን ልፈልግ ብላ ጸጉሬን ላጨችኝ። ሚስቴ ማድቤት ነው የምታድረው። ትንሹ ልጄ ሲጸልይ ‹አባዬን እሰርልን› ይላል። እኔ ራሴ መስታወት ፊት ቆሜ… ከጆሮዬ ኋላ ማርያም የሳመችኝ ምልክት አለ። ምን ይመስላል? ሚኒስትር ስለሆንኩ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው የለም። አንተ ግን እስቲ እየው!»

ጆሮውን አጥፎ አዞረ። ኡሱፎኖ ተንጠራርቶ አየ። ያን ሁሉ ዘመን ፎቶ ላይ ሲያፈጥጥ ኖሮ አውሬውን በቅርብ ያገኘው ገና ያኔ ነው። አየ፣ በጣቱ ጫን አደረገው፣ ደግሞ አየ።

«ጎደሬ ይመስላል» አልኩ እኔ፣ ትዕግሥት አጥቼ።

«ቁጥር የለውም» አለ ኡሱፎኖ፤ ቅር እያለው። ከዚያ ድምፁ ከዱሮው ሁሉ ዝቅ አለ። «ግን ዓርብን ወስደሃል። ለምን ወሰድካት?»

«መርከቦቹ… ነጋዴዎቹ…» ማሴሉ ላቡን ጠረገ። «አውስትራሊያ ሰኞ ሲሠራ እኛ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። እነሱ ቅዳሜ ሲያርፉ እኛ ዓርብ እንደውላለን፣ የሚያነሣ የለም። አንድ ቀን ብትጎድል ምን ይሆናል ብለን ነው። ማን ይፈልጋታል ብዬ!»

«ልጃችን የሞተችበት ቀን ነበረች» አልኩ።

እንዲህ ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። ስሟ ላጊ እንደነበር ነገርኩት። ስትስቅ እንደሚያንቃት፣ ጎደሬ በኮኮናት ወተት እንደምትወድ፣ በየዓመቱ በዚያች ቀን ብቻ ስለ እሷ እንደምናወራ ነገርኩት። ብንባረር መቃብሯን ለማየት ፈቃድ እንደምጠይቅም ነገርኩት። ኡሱፎኖ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

ማሴሉ ያን የተጫጫረ ራሱን ዝቅ አድርጎ ግንባሩን ጠጠሩ ላይ አሳረፈ።

«አላወቅኩም» አለ። «ይቅር በሉኝ።»

ባሌ ጥርሱን ሲነክስ ሰማሁ። እሱ የአገሩን ሕግ እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ነው። ምንጣፍ ሥር ተንበርክኮ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይቅር በሉኝ ያለ ሰው መልስ ይሰጠዋል። ማን ምንጣፉን አመጣው፣ ማን ማንን በደለ፣ ሕጉ አይጠይቅም። የተንበረከከን ሰው ጥሎ የሚነሣ ኡሱፎኖ በፋጋሉ ጭራ ይዞ የሚቆምበት ፊት አይኖረውም። የገዛ ሕጉ አንቆ ያዘው።

«በል እንጂ» አልኩት።

«አውሬው…» አለ። «አውሬው ይቅርታ ይጠይቃል ብሎ ነቢዩ የትም አልተናገረም።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ማሴሉ፣ ራሱን ሳያነሣ።

«አይደለህም ማለት ነው። ሰው ነህ። ማንጎ ሌባ ነህ።»

ሚኒስትሩ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ኡሱፎኖም አለቀሰ፤ ላጊ ስትቀበር እንኳ ያላለቀሰው ሰው። «በኔ ቆጠራ ዛሬ ዓርብ ነው» ይል ነበር በሲቃው መሀል። ማሴሉም አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ዓርብ ይሁን፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አለ፤ ሚኒስትር አይደል። እዚያው በእናቴ ምንጣፍ ሥር፣ በላብ ተጠምቀን፣ ሦስታችን የላጊን ቀን ዋልናት። መዝሙር ጀመርኩ፤ ማሴሉ የወንዱን ድምፅ ያዘ፤ ክፉ አይዘምርም።

ውጭ ጩኸት ተነሣ። የማሴሉ እናት ናቸው። «ልጄን ዋጡት! ምንጣፉ ልጄን ዋጠው!» እያሉ በመጥረጊያ ጀርባችንን ይወግሩታል።

«ማነው አሁን የሚያነሣው?» አለ ኡሱፎኖ፣ ምቱን እየተከላከለ።

«እኔ ነበርኩ» አለ ማሴሉ። «ግን ውስጥ ነኝ።»

እንደዚህ ያለ ነገር ከአባቶቻችን ጀምሮ ተደርጎ አያውቅም፤ የሚጠየቅ ሽማግሌም አልነበረም። ስለዚህ እኔው ተነሣሁና ምንጣፉን ገፈፍኩት። ፀሐይዋ ዓይናችንን ወጋችን። አሮጊቷ በመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ወደሳቸው የዞረውን የባሌን መቀመጫ አዩና መጥረጊያውን ጣሉት። ማሴሉ ተነሥቶ፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እያየ ኡሱፎኖን አቀፈው። ከዚያ አብልተው አጠጥተው በራሱ መኪና፣ በግራ በኩል፣ ወደ ፋጋሉ ላኩን።

ደርሰን ስናይ ሸንጎው ተስፋ ቆርጦብን ኖሮ ዕቃችን መንገድ ዳር ወጥቷል። አልጋው፣ ድስቱ፣ ከማድቤቱ ጀርባ ተገንጥለው የወጡት የመሪዎቹ ፎቶዎች ሳይቀሩ። ጎረምሶቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ለማፍረስ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ማታኡላ የሚኒስትሩን መኪና ሲያይ እጁን አወዛወዘላቸው፤ ወረዱና አልጋውን መልሰው አስገቡ። ፎቶዎቹን ማንም አልነካቸውም፤ ነፋስ አንድ በአንድ ወደ ባሕር ወሰዳቸው፤ ኡሱፎኖም ሲሄዱ አያቸው እንጂ አልተከተላቸውም።

ሁሉም ሲሄድ ከላጊ መቃብር አጠገብ ተቀመጠ። እኔም እግሬ ስለዛለ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ፉአቲኖ» አለኝ።

«እ?»

«ነገ ምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«እሁድ ነው» አልኩት።

ጠጠሩን በመዳፉ አስተካከለ። «እንግዲያው ነጩን ሽርጤን አውጪልኝ» አለ።